ኩታበርን ያዞርኩት እኔ አይደለሁም

ዛሬ ባሕር ገባሁ።

ደሴ ፒያሳ መሃል! በጠራራ ፀሐይ! ከነሻሼ፣ ከነመነጽሬ፣ ከነመቀመጫ ትራሴ!

አትሳቁ። እሺ፣ ሳቁ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ስቆብኝ ነው የመጣሁት፤ የእናንተ ሳቅ ምን ይጨምርብኛል?

የምታውቁኝ ታውቁኛላችሁ፤ እዚህ ገጽ ላይ ስለ ራሴ ብዙ አልለጥፍም። የዒድ ሰላምታ፣ ውኃ ሲጠፋ አንድ ሁለት ኮመንት፣ በቃ። ፕሮፋይሌ ላይ ያለው ፎቶ እንኳ የጽጌረዳ አበባ ነው። ዛሬ ግን አንድ ሰው በሰው ፊት ስሜን አነሳ። እኔ ደግሞ የሱን ስም ሳላነሳ እመልስለታለሁ። ልጆቹ ፎሎው እንደሚያደርጉኝ አውቃለሁ። አንብቡለት።

ጓድ እከሌ እንበለው። ያን ጊዜ ሁሉም ሰው ጓድ ነበር። ጓድ ያልሆነ ሰው ደግሞ የት እንደሄደ አይጠየቅም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው።

በኮድ ካርታ መሥራት በነጻ እናስተምራለን የሚል ማስታወቂያ ቴሌግራም ላይ አየሁ። ተመዘገብኩ። ስም ጠየቁ፣ ስልክ ጠየቁ፣ ዕድሜ አልጠየቁም። ካልጠየቁኝ ምን አስለፈለፈኝ?

ዛሬ ጠዋት ትራሴን በፌስታል ይዤ ደረስኩ። ወገቤ ደረቅ ወንበር አይወድም። በሩ ላይ የቆመው አስተናጋጅ፣ "እማማ፣ ለልጅዎ ቦታ ሊይዙ ነው?" አለኝ።

"ለራሴ" አልኩት።

ላፕቶፖቹ ከሰዉ ያነሱ ነበሩ። ቀድሜ በመድረሴ ከፊት ያለውን ያዝኩ። ትራሴን ዘረጋሁ። ተቀመጥኩ። አሠልጣኟ ትዕግስት የምትባል የደሴ ልጅ ናት፤ ጎንበስ ብላ ጉልበቴን ነክታ ሰላም አለችኝ። እኔ ሰው ቶሎ አልወድም፣ እሷን ግን ወደድኳት።

ከዚያ "የክብር እንግዳችንን በጭብጨባ እንቀበል!" ተባለ።

ገባ።

ማን?

ጓድ እከሌ!

ሸምግሏል። ከዘራ ይዟል። ሆዱ ግን እንደ ድሮው ከሱ ቀድሞ ነው የገባው።

"በዚህ ክፍለ ሀገር የመጀመሪያውን የኮምፒውተር ካርታ የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ። ሠልጣኞቹ አጨበጨቡ። እኔ መነጽሬን ጠረግሁ።

ዓይኑ ዞር ዞር ሲል ትራሴ ላይ አረፈ። ልብ በሉ፣ መጀመሪያ ያወቀው ትራሱን ነው፤ እኔን ያወቀኝ በኋላ ነው።

"አሃ! ልጆች፣ ይቺን ሴትዮ ታያላችሁ? ያኔ የእኛ ታይፒስት ነበረች። አንድ ቀን የኩታበርን ካርታ አዙራ ለባለሥልጣን አሳየችልን! ቀኝና ግራዋን አትለይም ነበር!"

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

ወላሂ፣ ጆሮዬ ነደደ።

ስለዚህ አሁን እኔን ስሙኝ። ይህን ታሪክ እስከ ዛሬ ዋጥ አድርጌ የኖርኩት በምክንያት ነው። ምክንያቶቹ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ሁለቱም አሁን በሕይወት የሉም። ከእንግዲህ የምፈራለት ሰው የለኝም።

ዘመኑ ደርግ ነው። ቤቴ ደሴ፣ ሥራዬ ኮምቦልቻ፣ አንድ የመሬት ጥናት ቢሮ ውስጥ። ጠዋት በጦሳ ተራራ ብርድ ሹራብ ደርቤ እወጣለሁ፤ አውቶቡሱ የሐረጎን ቁልቁለት ተጠማዞ ሲወርድ አንዱን አወልቃለሁ፤ ኮምቦልቻ ስደርስ ሁለተኛውን። ማታ ደግሞ ስወጣ እየለበስኩ። ግማሽ ዕድሜዬ በመልበስና በማውለቅ አለቀ።

ታይፒስት ነበርኩ። አላፍርበትም። በእንግሊዝኛ ኪቦርድ ሳላይ የምመታ እኔ ብቻ ነበርኩ።

አንድ ቀን ኮምፒውተር መጣ።

እናንተ ኪሳችሁ ውስጥ አስገብታችሁ የምትዞሩት ዕቃ ያኔ የራሱ ክፍል፣ የራሱ መጋረጃ፣ የራሱ ቬንትሌተር ነበረው። እኛ ቬንትሌተር አልነበረንም! አቧራ እንዳይገባበት ጫማ በር ላይ ይወለቃል።

ሰይድ ጫማውን እያወለቀ፣ "እንግዲህ እዚህም መስጊድ ሆነ" አለ።

ወልዴ ቀበል አድርጎ፣ "ቤተ ክርስቲያንም እኮ ጫማ ይወለቃል። ለናንተ ብቻ አታድርገው!"

"በል እንግዲያ አንተም ግባ። እዚህ የሚሰገደው ለማሽን ነው።"

ሁለቱ እነዚህ ናቸው። ሰይድና ወልዴ። የመስክ መረጃ ሰብሳቢዎች ነበሩ፣ ገጠር ለገጠር የሚዞሩ። በመካከላቸው አንዲት በቅሎ ነበረቻቸው፤ ተራ በተራ ይቀመጡባታል፣ ተራው የማን እንደሆነ ግን አንድም ቀን ተስማምተው አያውቁም። ሰይድ ሲሰግድ ወልዴ በቅሎዋን ይይዛል። ወልዴ ሲጾም ሰይድ ስንቁን ከዛፍ ጀርባ ሄዶ ይበላል። በሥጋ ካልሆነ በቀር በምንም አይለያዩም ነበር።

በሥጋና በአንድ ሌላ ነገር። እሱ ይመጣል።

አለቃችን ጓድ እከሌ ነበር። አዲስ አበባ ለጥቂት ሳምንታት ኮርስ ወስዶ፣ ወፍራም መጽሐፍ ይዞ ተመለሰ። እሱ ትእዛዙን በእጁ ይጽፋል፣ እኔ እመታለሁ። ቤዚክ የሚባል ቋንቋ ነበር። ኮድ የሚለውን ቃል ያኔ አናውቀውም፤ "ፕሮግራም" ነበር የምንለው።

እሱ የጻፈውን እመታለሁ። ማሽኑ "ሲንታክስ ኤረር" ብሎ በአረንጓዴ ፊደል ይመልሳል።

"ምን አለ?" ይለኛል።

"ስህተት አለ ይላል፣ ጓድ።"

"የማን ስህተት?"

"እሱን አልተናገረም።"

ቀኑን ሙሉ እንዲህ እንውላለን። እየመታሁ እየመታሁ ስህተቱ የት እንዳለ ይገባኝ ጀመር። ዝም ብዬ አርሜ እመታለሁ፤ ማሽኑ እሺ ይላል፤ ጓድ እከሌ ደረቱን ይነፋል። ያን ደረት እኔ ነኝ የነፋሁት!

በምሳ ሰዓት ሁሉም ሲወጣ እኔ ክፍሉ ውስጥ እቀራለሁ። ሰው ለሥራው የጓጓሁ ይመስለው ነበር። የጓጓሁት ለቬንትሌተሩ ነበር። ኋላ ግን መጽሐፉን ከፈትኩት።

የመጀመሪያ ፕሮግራሜን ልንገራችሁ? ማሽኑን "የኔን የዘሃራን ስም ጻፍ፤ ተመለስ፤ ደግመህ ጻፍ" አልኩት። መቼ እንደሚያቆም አልነገርኩትም።

ፕሪንተሩ እንደ ወፍጮ ጮኸ። ዘሃራ፣ ዘሃራ፣ ዘሃራ፣ ዘሃራ! ወረቀቱ ከጠረጴዛ ወረደ፣ ወለሉን አዳረሰ፣ በበሩ ስር ወጣ! ወልዴ እሳት የተነሳ መስሎት በካልሲ ሮጦ ገባና ሶኬቱን ነቀለው።

ወረቀቱን ተመለከተ። እኔን ተመለከተ።

"ምነው ዘሃራ፣ ማሽኑ ወደደሽ?"

እኔም ወደድኩት፤ ምን እደብቃለሁ። የነገሩትን የሚሠራ፣ ያልነገሩትን የማይሠራ፣ ስሜን እያጣመመ የማይጠራ። በዚያ ቢሮ ውስጥ እንዲህ ያለ ሌላ ፍጡር አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ካርታውን የምጽፈው እኔ ሆንኩ። በስም የሱ፣ በእጅ የኔ።

ለማሽኑ ካርታ ማለት ቁጥር ነው። ስንት ወደ ጎን፣ ስንት ወደ ላይ። የጎኑን ኤክስ፣ የላዩን ዋይ ይሉታል። ኤክስ ይቀድማል። ይህን ያዙልኝ፣ በኋላ ባሕር የሚከተኝ እሱ ነው!

ማሽኑን የተከለልን ከአዲስ አበባ የመጣ መሐንዲስ ነበር፤ ዝምተኛ ሰው። አንድ ቀን ከኋላዬ ቆሞ ስጽፍ አየኝና፣ "ባለሥልጣኖቹ ማሳያውን ሊያዩ ሲመጡ ወንበሩ ላይ አንቺ ተቀመጪ" አለኝ። "ውጭ ሄዶ ይህንኑ የሚማር አንድ ሰው ይመርጣሉ። ማን እንደሚሠራው ይዩት።"

ውጭ! እኔ! ከኮምቦልቻ ማዶ ያለውን ዓለም በካርታ እንጂ በዓይኔ ያላየሁት!

ለማንም አልተናገርኩም። ከሱቅ ቁራጭ ጨርቅ ገዝቼ ትራስ ሰፋሁ፤ ዛሬም የያዝኩት እሱን ነው። ወንበሩ የተሠራው ለረጅም ሰው ነበርና እኔ ስቀመጥበት አፍንጫዬ ኪቦርዱ ላይ ነበር የሚደርሰው። ያን ቀን ቀና ብዬ መታየት ፈለግሁ።

አሁን ወደ ስህተቱ።

ካርታው የኩታበር ነበር፤ ከደሴ አለፍ ብሎ ያለ ገጠር። ምንጭ የት ነው፣ ወፍጮ የት ነው፣ ክሊኒክ የት ነው። ጓድ እከሌ ሰይድንና ወልዴን ሲያሰማራ ግቢው መሃል ቆሞ መመሪያ ሰጠ። በጆሮዬ ሰምቻለሁ።

"ገበሬውን በሰሜን በደቡብ አታደናግሩት፤ አይገባውም። ገበሬ ማኅበሩ ቢሮ ደጅ ላይ ቁሙና፣ ምንጩ ፊት ለፊት ነው? ኋላ ነው? ቀኝ ነው? ግራ ነው? ስንት ያስኬዳል? በሉት።"

ሰይድ፣ "ወዴት ዞረን እንቁም ጓድ?" አለው።

"ሰይድ፣ ደግሞ መቆምም ላስተምርህ?"

ሰው ሳቀ። ሰይድ በቅሎዋን ጫነ። ሄዱ።

ኩታበርን ለሁለት ተካፈሉት። ሰይድ እስላሞቹ በሚበዙበት በኩል፣ ወልዴ ክርስቲያኖቹ በሚበዙበት በኩል። ዘመዶቻቸው እዚያ እዚያ ስለነበሩ ማደሪያ አይቸግራቸውም።

እና ወዴት ዞረው የቆሙ ይመስላችኋል?

ሰይድ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ዞረ። ሌላ ወዴት ይዞራል? ከገበሬዎቹ ጋር አብሮ ሰግዶ፣ ከሰገደበት ብድግ ብሎ ነው "ፊት ለፊት ምን አለ?" የሚላቸው። ከእኛ አገር ቂብላ ሰሜን ነው። ልክ ሰሜን! ኮምፓስ አያስፈልግም።

ወልዴስ? ወልዴ ወደ ምሥራቅ። የሚጸልየው ወደዚያ ዞሮ ነው፣ ቤተ ክርስቲያኑም የተሠራው ወደዚያ ነው። የሱ ገበሬዎችም "ፊት ለፊት" ሲባሉ የሚያዩት ፀሐይ መውጫውን ነው።

ሁለቱም ልክ ናቸው! ሁለቱም ንጹሕ መረጃ አመጡ። የአንዱ "ፊት ለፊት" ሰሜን፣ የሌላው "ፊት ለፊት" ምሥራቅ። ጓድ እከሌ ደግሞ "ፊት ለፊት ማለት ወደ ላይ ነው፤ በቃ፣ አስገቢው" አለኝ። አስገባሁት።

ማሽኑም የነገሩትን ሠራ።

ቀኑ ደረሰ። ባለሥልጣኖቹ ጫማቸውን በር ላይ አወለቁ። የዋናው ሰውዬ ካልሲ አውራ ጣቱ ላይ ቀዳዳ ነበረው፤ ሁላችንም አየን፣ ማንም አላየም። ጓድ እከሌ "ፕሮግራሙን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ" ብሎ ጀመረ። እኔ ትራሴ ላይ ቀና ብዬ ተቀምጫለሁ።

ፕሪንተሩ ጮኸ። ካርታው ወጣ። ሰውዬው በሁለት እጁ ይዞ ወደ መስኮቱ ሄደ።

ከየት የተወለደ ሰው ይመስላችኋል?

ከኩታበር!

"ጓዶች" አለ ቀስ ብሎ። "የእናቴ ምንጭ ገደል አፋፍ ላይ ምን ትሠራለች?"

ጣቱን ወረቀቱ ላይ አንሸራተተ።

"ይቺ ወፍጮ ደግሞ ወንዝ ውስጥ ገብታለች። የአገሬ አህያ እህሉን የሚያደርሰው እየዋኘ ነው?"

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀና መሳቁን ሳል አስመሰለው።

"ይህን ማነው የሠራው?"

ጓድ እከሌ ዓይኑን እንኳ አላሸም።

"ታይፒስቷ ናት የመታችው።"

ከ"ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ" እስከ "ታይፒስቷ ናት" ድረስ አንድ ወረቀት አትሞ እስኪወጣ ያለው ጊዜ ብቻ ነበር!

ካርታውን ከሰውዬው እጅ ላይ በጨረፍታ አየሁት። የሰይድ በኩል አንድም አልተዛነፈም። የወልዴ በኩል ሁሉም ነገር ሩብ ዙር ዞሯል። ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በምሳ ሰዓት ስንት ቀን አብሬያቸው ተቀምጫለሁ፤ ሰይድ ወዴት እንደሚሰግድ፣ ወልዴ ወዴት ዞሮ እንደሚያማትብ አውቃለሁ። ወዲያው ገባኝ።

መልሱ አፌ ውስጥ ነበር። አንድ አረፍተ ነገር። "አንዱ ወደ ቂብላ፣ አንዱ ወደ መቅደስ ዞረው ነው የጠየቁት፤ በደቂቃ አስተካክለዋለሁ።" በቃ! ይህን ብል ወንበሩ የኔ፣ ትምህርቱ የኔ፣ ውጭ አገር የኔ።

ግን ዘመኑን አስታውሱ። ከዚያ በፊት በነበረው የውይይት ክበብ አንድ የሒሳብ ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ሰገደ ተብሎ ሁለት ሰዓት ሙሉ ቆሞ በራሱ ላይ ሂስ አድርጓል፤ በማግስቱ ወደማናውቀው ቦታ ተዛወረ። አሁን ባለሥልጣን ፊት "የመንግሥትን መረጃ በስግደት ሰበሰቡት" ልበል? በሩ ላይ ሰይድና ወልዴ በካልሲያቸው ጎን ለጎን ቆመዋል። የሰይድ ልጆች ቤት ውስጥ አሉ። የወልዴ ሚስት እርጉዝ ናት።

ሰውዬው ወደ እኔ ዞረ። "የማሽኑ ስህተት ነው ወይስ ያንቺ? ወይስ አሻጥር ነው?"

አሻጥር! ያን ቃል የሰማ የዘመኔ ሰው የት እንደሚያደርስ ያውቃል።

"የኔ ስህተት ነው" አልኩ።

ወልዴ አፉን ከፈተ። አየሁት። በዓይኔ "ዝም በል!" አልኩት። ዘጋ።

ጓድ እከሌ ከራሴ በላይ ቆመ። "ተነሺ" አለኝ።

ተነሳሁ።

ትራሴን ብብቴ ስር አድርጌ፣ ጫማዬን በር ላይ አድርጌ ወጣሁ። ሰይድ ከኋላዬ ደርሶ፣ "አብሽሪ እህቴ፣ አላህ አይቶታል" አለኝ። ወልዴ አቀርቅሮ ቆሞ ነበር።

ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ጥሩ ነበር። አላለቀም።

በማግስቱ ጓድ እከሌ ብቻዬን አገኘኝ። ድምፁ ቅቤ ሆኗል። "ዘሃራ፣ የት ጋ እንደተበላሸ አንቺ ሳታውቂው አትቀሪም። ንገሪኝ። ለበላይ ሳስረዳ ስምሽን አነሳለሁ።"

ለምን ነገርኩት? ቂል ስለሆንኩ አይደለም። ምንጮቹን የሚያጎለብቱ ሰዎች ያንን ካርታ ይዘው ሊወጡ ነበር። ገደል አፋፍ ላይ ምንጭ ሲፈልጉ ሊውሉ!

"ከወልዴ የመጣውን ብቻ ሩብ ዙር ያዙሩት" አልኩት። "የፊት ለፊቱን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ታች።" አራት መስመር ነበር፤ አራቱንም እኔ መታሁለት።

"ለምንድነው የወልዴ ብቻ?" አለኝ።

"እንጃ" አልኩት።

ያቺ "እንጃ" ብቻ ናት የቀረችልኝ። ሌላውን ሁሉ ሰጠሁት፣ እሷን አልሰጠሁትም።

ሁለተኛው ማሳያ ላይ ምንጩ ምንጩ ጋ፣ ወፍጮው ወፍጮው ጋ ሆነ። ጓድ እከሌ ውጭ ሄደ። ስሜን አነሳው? አዎ! "ታይፒስቷ ያበላሸችውን አስተካከልኩት" ብሎ። እኔ መዝገብ ቤት ተመደብኩ። ማሽኑ ያለበትን ክፍል ዳግመኛ አልረገጥኩም። ጫማዬን የማወልቅበት ምክንያት ሲጠፋ እንዴት እንደከፋኝ ለማን ይነገራል?

ሰይድ በየዓመቱ ዒድ ሲመጣ ሥጋ፣ ወልዴ በየዓመቱ ፋሲካ ሲመጣ ማር ይልኩልኝ ነበር፤ እስኪሞቱ ድረስ። ምክንያቱን ሚስቶቻቸው እንኳ አያውቁም። ሰይድን አላህ ይዘንለት። የወልዴንም ነፍስ ይማር።

እና እናንተ፣ ዛሬ ያ ሰው በልጆች ፊት ቆሞ "ቀኝና ግራዋን አትለይም ነበር" ሲል ምን ላድርግ?

ወደ አዳራሹ እንመለስ።

ሳቁ በረድ ሲል ትዕግስት የመጀመሪያውን ልምምድ ሰጠች። ደሴን በቁጥር ጽፈን ካርታ ላይ ነጥብ ማስቀመጥ። ቁጥሮቹን ሰሌዳው ላይ ጻፈችልን፦ አሥራ አንድ ከምናምን፣ ሠላሳ ዘጠኝ ከምናምን።

እጄ ኪቦርዱ ላይ ገና ሲያርፍ ጓድ እከሌ ከዘራውን ቀጭ ቀጭ እያደረገ መጣ። ከራሴ በላይ ቆመ። ያው ቁመት፣ ያው ሆድ።

"እስቲ ተነሺ፣ እኔ ላሳያቸው" አለኝ።

ያው ቃል!

ወገቤ ሊነሳ ነበር። ወላሂ ሊነሳ ነበር! የሰው ወገብ እንደ ማሽን ነው፤ አንዴ የነገሩትን አይረሳም።

"አልነሳም" አልኩ።

ጆሮውን ወደ እኔ አቀረበ።

"ምን አልሽ?"

ያን ጊዜ "እርስዎ" ነበር የምለው። ዕድሜ ልኬን በልቤ እንኳ "እርስዎ" ነበር የምለው።

"አልነሳም አልኩህ። መቀመጥ ከፈለግህ ጥግ ላይ ወንበር አለ። ትራስ ግን የለውም።"

አንድ ሰው አጨበጨበ። ከዚያ ሌላ። ትዕግስት ከንፈሯን ነክሳ ወደ ሰሌዳው ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

ይህ የድሌ ሰዓት ነበር። እዚህ ላይ ላፕቶፑን ዘግቼ ወደ ቤቴ ብሄድ ምናለ?

አልሄድኩም። ቁጥሮቹን መታሁ። በእኛ ዘመን ኤክስ ይቀድማል፣ የጎኑ ቁጥር መጀመሪያ። ጣቴ ያንን ነው የሚያውቀው። ሠላሳ ዘጠኙን አስቀደምኩ፣ አሥራ አንዱን አስከተልኩ። ይህ የዛሬው ኮድ ግን የላዩ ይቅደም የሚል ነው! ማን ጠይቆኝ ገለበጡት?

ካርታው ተከፈተ። የኔ ስክሪን ደግሞ፣ የፊተኛው ላፕቶፕ ነውና፣ በፕሮጀክተር ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። በስክሪን ሙሉ! ለአዳራሹ ሁሉ!

ሰማያዊ።

ሰማያዊ በሰማያዊ።

ደሴ ከጣሊያን አጠገብ፣ ባሕር መሃል ተንሳፋለች!

ሳቁ ጣሪያውን ነካው። ጓድ እከሌ ከጥጉ ወንበር ላይ ሆኖ "አላልኳችሁም! አላልኳችሁም!" ይላል። እንባ እስኪወጣው ይስቃል። ስሜን አጽድቼ ገና ላቤን ሳልጠርግ፣ ከተማዬን ከነፒያሳዋ ከነሰኞ ገበያዋ ባሕር ከተትኳት።

ትዕግስት ጎንበስ አለችና በጆሮዬ፣ "እናቴ፣ አብሽሪ፤ ሁላችንም መጀመሪያ ቀን ባሕር ገብተናል" አለችኝ።

"አንቺም?"

"እኔ እንኳ ሥራ ላይ ሆኜ ነው የገባሁት።"

ሁለቱን ቁጥሮች አቀያየርኩ። መታሁ። ሰማያዊው ጠፋ፤ ነጥቧ መጥታ ጦሳ ስር ቁጭ አለች። በማንም እጅ አይደለም። በራሴ። የሳቀው ሁሉ እንደገና አጨበጨበ፤ ጓድ እከሌ ግን ከዘራውን ይፈልግ ነበር።

አዎ፣ ዛሬ ተዋርጃለሁ። ደሴን አስጥሜያለሁ። ቀኝና ግራዬን እለያለሁ ብዬ ስፎክር ላይና ታቼ ጠፋብኝ። እሱን አልክድም።

ኩታበርን ግን እኔ አላዞርኩትም! ይህን ያየ ሁሉ ሼር ያድርግልኝ።

ሥልጠናው ነገም አለ። ሁሉም ሲወጣ ዕቃዬን ሰበሰብኩ፦ መነጽሬን፣ ፌስታሌን፣ ሻርፔን። ትራሴን ግን አላነሳሁም። ያን ጊዜ ይዤው ወጥቼ ነበር፤ ዛሬ ከፊተኛው ወንበር ላይ ትቼው መጣሁ።

እስቲ ማነው የሚያነሳው?